ከስሙ በፊት ደሙ ይታይ

(ደጋን ላይ ለሕዝብ የተደረገ ትምህርታዊ ንግግር)



ልጅ ሲወለድ፣ አልቅሶ ትንፋሹ ከተሰማ በኋላ፣ ደጅ ያለው ሰው የሚጠብቀው ወሬ አንድ ነው፤ «ምን ተወለደ?»። ከዚህ መልስ ብዙ ነገር ይከተላል። እልልታው የሚቆጠረው በእሱ ነው። ሙስሊሙ ቤት በሰባተኛው ቀን ለአቂቃ ሲታረድ ለወንድ ሁለት በግ፣ ለሴት አንድ ነው። ክርስቲያኑ ቤት ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። የልደት ምስክር ወረቀቱም ከስም ጋር ጾታ ይጠይቃል። አልፎ አልፎ ግን አዋላጇ ሕፃኑን ደጋግማ አይታ መልስ ታጣለች። የሴት ይመስላል፤ ግን ቂንጥሩ አድጎ ትንሽ የወንድ ብልት መስሏል። ወይም የወንድ ይመስላል፤ የሽንቱ ቀዳዳ ግን ጫፉ ላይ ሳይሆን ከሥር ነው፣ ከረጢቱ ውስጥም ቆለጥ አይዳሰስም።

ያን ጊዜ ቤቱ ዝም ይላል። በሩ ይዘጋል፤ ጎረቤት ገልጦ እንዳያይ ሕፃኑ ይሸፋፈናል። ጠያቂ ሲመጣ «ተኝቷል» ይባላል። ሰው የሚፈራው «ፍናፍንት» የሚለውን ስድብ ነው። እኔ እንደ ሕፃናት ሐኪም የምፈራው የሚያልፈውን ቀን ነው። ከእነዚህ ሕፃናት የተወሰኑት ሳይታከሙ ከቀሩ ሦስተኛ ሳምንታቸውን አይሻገሩም። የሚገድላቸው በሽታ ደግሞ የታወቀ፣ በደም ምርመራ የሚገኝ፣ በክኒን የሚያዝ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከአፌ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህን ያዙልኝ፤ ወንድ ነው ሴት ከሚለው ጥያቄ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ። የዚህ ልጅ ደም ውስጥ ያለው ጨው ልክ ነው ወይ?

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በሁለቱ ኩላሊቶቻችን አናት ላይ አንድ አንድ ትንሽ እጢ አለች፤ አድሬናል ትባላለች። ከስብ ዘር የሆነውን ኮሌስትሮልን ወስዳ ሦስት ዓይነት ሆርሞን ትሠራለች። አንዱ ኮርቲሶል ነው፤ ስንታመም፣ ስንራብ፣ ስንደነግጥ የደም ግፊታችንንና ስኳራችንን የሚይዝልን እሱ ነው። ሁለተኛው አልዶስተሮን ነው፤ ጨው በሽንት እንዳይፈስስ ኩላሊትን ይቆጣጠራል። ሦስተኛው ወገን የወንዴ ሆርሞኖች ናቸው፤ ሴቶችም በጥቂቱ አሏቸው። በአንዳንድ ሕፃናት ታዲያ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለመሥራት የሚያስፈልገው 21-ሃይድሮክሲሌዝ የሚባለው ኤንዛይም ይጎድላል። የቦርከና ውሃ ወደ ማሳ የሚገባበት ቦይ መሃል ላይ ቢደፈን ውሃው አይቆምም፤ ጎኑን ሰብሮ ወደ ጎረቤት ማሳ ይፈስሳል። እጢዋም እንዲሁ ናት። የኮርቲሶልና የአልዶስተሮን መንገድ ሲዘጋ የተከማቸው ሁሉ ወደ ወንዴ ሆርሞን ይሄዳል። አንጎል ደግሞ «ኮርቲሶል አነሰኝ» እያለ እጢዋን አብዝቶ ያዝዛታል፤ መፍሰሱ ይብሳል። ከተደፈነው በላይ የሚጠራቀመው ነገር 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስቴሮን ይባላል። ሐኪሞች አሳጥረን 17-ኦኤችፒ እንለዋለን። ዋናው የሆርሞን ምርመራ የሚለካው እሱን ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ገና በማኅፀን ውስጥ የሚካሄድ ነው። ፅንሷ ሴት ከሆነች፣ ክሮሞዞሟ የሴት፣ ማኅፀኗም እንቁልጢዋም የሴት ሆኖ ሳለ፣ የበዛው የወንዴ ሆርሞን የውጭ ብልቷን ወደ ወንድ ያደላዋል። ያቺ ልጅ ስትወለድ ትታወቃለች፤ ቤተሰቡ ይደነግጣል፣ ድንጋጤው ግን ወደ ሐኪም ሊያመጣት ይችላል። ፅንሱ ወንድ ሲሆን ምንም ምልክት አይታይም። የሚያምር ወንድ ልጅ ተወለደ ይባላል፤ እልል ይባላል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጡት መጥባት ይተዋል፣ ያስታውከዋል፣ ይከሳል፣ ይፈዛል። «ተቅማጥና ትውከት ነው»፣ «ኢንፌክሽን ነው»፣ «ዓይን በላው» ይባላል። ጨውና ውሃው በሽንት አልቆ፣ በደሙ ያለው ፖታሲየም ልቡን እስኪያቆም ድረስ ከፍ ብሎ ይሞታል። ከዚያ ቤት ከዚህ በፊትም እንዲሁ የሞተ ወንድ ልጅ እንደነበር ስንጠይቅ ብቻ የሚነገረን ጊዜ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ እባካችሁ ይህን ጥያቄ ጠይቁ፤ «ከዚህ በፊት በጨቅላነቱ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሞተባችሁ ልጅ አለ?»።

በሽታው የሚመጣው በዘር ነው። አባትም እናትም እያንዳንዳቸው አንድ የተበላሸ ቅጂ ይይዛሉ፤ እነሱ ጤነኞች ናቸው፣ አያውቁትም። ሁለቱም ቅጂዎች አንድ ልጅ ላይ ሲገጥሙ ይታመማል፤ በየእርግዝናው ከአራት አንድ ዕድል ነው። ስለዚህ ጥፋተኛ የለም። እናት በእርግዝናዋ ወራት ያየችው፣ የረገጠችው፣ የበላችው ነገር አላመጣውም። ባል ሚስቱን አይክሰስ፤ የእሱም ግማሽ አለበት። በዓለም ላይ በአማካይ ከ15,000 ያህል ሕፃናት አንዱ ይዞት ይወለዳል። ሥጋ ዘመድ ከሥጋ ዘመድ በሚጋባበት ዘንድ ግን ይበዛል፤ ሁለት የተበላሹ ቅጂዎች የሚገናኙት በቀላሉ ነውና። ከዚህ በታች በባቲ በኩል ካሉ ወንድሞቻችን ዘንድ አብሱማ የሚባል የአፋሮች የአክስትና የአጎት ልጆች ጋብቻ አለ። እኔ ባህልን ልነቅፍ አልመጣሁም፤ እንዲህ ባለ ቤት ምክንያቱ ሳይታወቅ ሕፃን ከሞተ ግን ለቀጣዩ ልጅ ሐኪሙ በመጀመሪያው ሳምንት ይወቅ ነው የምለው።

አሁን ወደ ምርመራው። ብዙ ሰው የሆርሞን ምርመራ ሲባል አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ካልተሄደ የማይሆን ይመስለዋል። ሕይወት የሚያተርፈው የመጀመሪያው ምርመራ ግን ሆርሞን እንኳ አይደለም። የደም ጨው የምንላቸው ሶዲየምና ፖታሲየም፣ ከእነሱም ጋር ስኳር ነው። የሶዲየም ልክ ከ135 እስከ 145 ነው። ቀውስ ውስጥ የገባ ሕፃን ብዙ ጊዜ ከ125 በታች ይወርዳል፤ ፖታሲየሙ ከ7 ሊያልፍ ይችላል። ይህን የሚለካ መሣሪያ ደሴ ላይ አለ። ማኅፀን መኖር አለመኖሩን የሚያሳይ አልትራሳውንድም አለ። ከደጋን ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ፤ በአንድ ቀን የሚደረስበት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይፈጸማል፤ ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሁለቱም ከባድ ናቸው። አንደኛው፣ የጨቅላ ደም ሥር ስለሚያስቸግር ተረከዙን ወግቶ ጨምቆ ጨምቆ መቅዳት ነው። ሲጨመቅ ቀይ የደም ሕዋሶች ይፈነዳሉ፤ በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ይወጣና ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ጤነኛው ልጅ በሽተኛ ይመስላል። ይባስ ብሎ ሌላ ቀን እውነተኛው ከፍታ ሲመጣ «ደሙ ተበላሽቶ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሁለተኛው የቀን ጉዳይ ነው። በሦስተኛው ቀን ልክ ሆኖ የተገኘ ጨው በአሥረኛው ቀን ልክ ላይሆን ይችላል፤ የእናቱ ጨውና ውሃ ገና አላለቀበትምና። «ተመርምሮ ነጻ ተባለ» ብላችሁ ወደ ቤት አትመለሱ። ጥርጣሬ ያለበት ሕፃን እስከ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ተደጋግሞ ይለካል፣ ይመዘናል። ክብደቱ ከመጨመር ይልቅ እየቀነሰ ከሄደ ሌላ ምልክት አትጠብቁ።

17-ኦኤችፒም ቀኑን ይወዳል። በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢለካ የጤነኛውም ሕፃን ከፍ ብሎ ይገኛል። ከ48 ሰዓት በኋላ የተቀዳ ነው የሚታመነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም በሌላ ሕመም የተጨነቀ ሕፃንም በሽታው ሳይኖርበት ከፍ ይልበታል። ጤነኛና ጊዜውን የጨረሰ ሕፃን ከሦስተኛው ቀን በኋላ፣ ናኖግራም በዴሲሊትር በሚባለው መለኪያ፣ ከጥቂት መቶ አያልፍም። ጨው የሚያፈስሰው በሽታ ያለበት ግን ብዙ ጊዜ ከ10,000 በላይ ነው። መለኪያውን የጠራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ላቦራቶሪ በዚህ ሲጽፍ ሌላው በናኖሞል ይጽፋል፤ በናኖሞል 30 የሆነው በዴሲሊትሩ ወደ 1,000 ይጠጋል። ያለ መለኪያው የተገለበጠ ቁጥር ሐኪሙን ያሳስታል። ስለዚህ ውጤቱን በቃል አትያዙ፣ ቁጥሩን ብቻ በብጫቂ ወረቀት አታስጽፉ፤ ዋናውን ወረቀት፣ የተቀዳበት ቀንና ሰዓት ያለበትን፣ ከክትባት ካርዱ ጋር አንድ ላይ አኑሩት።

ይህ ሁለተኛው ምርመራ ነው ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ የሚላከው። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ውጤቱም ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። የክሮሞዞሙ ምርመራ ከዚያም ይዘገያል። ሕፃኑ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ጨዉ የተዛባ ሕፃን ደሙ ለ17-ኦኤችፒ ተቀድቶ ከተቀመጠ በኋላ መድኃኒቱ ወዲያው ይጀመርለታል፤ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ይወስናል። ደም ሳይቀዳ መድኃኒት ከተጀመረ በሽታው ይሸፈንና ኋላ ማረጋገጥ ይከብዳል፤ መቅዳት ካልተቻለ ግን ሕይወቱ ይቅደም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የደሴ ሪፈራል ሆስፒታል መሣሪያዎች ተዘርፈውና ተሰባብረው እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ላቦራቶሪ ስንል የምንናገረው የልጆቻችንን ትንፋሽ ስለሚያስቀጥል ነገር መሆኑን ያን ጊዜ አይተናል። መልሶ የቆመውን በዓይናችን ብሌን ልንጠብቀው ይገባል።

የሕክምናውን ታሪክ በአጭሩ ላንሣ። ኮርቲሶልን የሚተካው ኮርቲዞን ለሕክምና ከመዋሉ በፊት ጨው የሚያፈስሱት ሕፃናት ያልቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ባልቲሞር ላይ ሎውሰን ዊልኪንስ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ኮርቲዞን ሰጥቶ በሽታው እንደሚገታ አሳየ። በደም ውስጥ እጅግ ጥቂት የሆነን ሆርሞን መለካት የተቻለው ደግሞ በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ ሮዛሊን ያሎና ሰለሞን በርሰን በፈጠሩት ዘዴ ነው፤ ያሎ በ1977 የኖቤል ሽልማት አግኝታበታለች። በዚያው በ1977 ሶንግያ ፓንግና ባልደረቦቿ ከተረከዝ በወረቀት ላይ በተንጠባጠበ የደም ጠብታ 17-ኦኤችፒን መለካት እንደሚቻል አሳተሙ። አላስካ ውስጥ ዩፒክ የሚባል ሕዝብ አለ፤ እዚያ ከ300 ከማይበልጡ ሕፃናት አንዱ በሽታው አለበት። ያ የደረቀ የወረቀት ጠብታ ሩቅ መንደር ላሉት ሕፃናት ደረሰላቸው። ዛሬ ብዙ አገሮች የሚወለደውን ሕፃን ሁሉ በዚህ ዘዴ ይመረምራሉ። ወረቀቱ በረዶ አይፈልግም፣ በፖስታ ይሄዳል። ለደጋንና ለባቲ ገጠር የሚስማማ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ለአገራችንም እንዲመጣ ድምፃችንን ማሰማት ይገባናል።

ጨዉ ልክ፣ 17-ኦኤችፒውም ልክ ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ ነው፤ ጥድፊያው ይቀንሳል። ክሮሞዞሙ የወንድ ሆኖ ቆለጡ ሆርሞን በደንብ ያልሠራ፣ ወይም ሠርቶ ሰውነቱ ያልተቀበለው ሊሆን ይችላል። እዚህም ዕድሜ ወሳኝ ነው። ወንድ ሕፃን ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ወር ባለው ጊዜ ቴስቶስቴሮኑ ለጥቂት ሳምንታት ከፍ ይላል። ከዚያ እስከ ጉርምስና ድረስ ይተኛል። ስለዚህ የአራት ዓመት ልጅ አምጥታችሁ ቴስቶስቴሮኑ ዝቅ ብሎ ቢገኝ ምንም አይናገርም፤ የጤነኛውም ዝቅ ያለ ነው። ያን ጊዜ ኤችሲጂ የሚባል መርፌ ለጥቂት ቀናት ተሰጥቶ ቆለጡ ይቀሰቀሳል፣ ከመርፌው በፊትና በኋላ ያለው ቁጥር ይተያያል። ኤኤምኤች የሚባለው ሆርሞን ግን መርፌ አይፈልግም፤ የቆለጥ ሥጋ በሆድ ውስጥ ተደብቆም ቢሆን መኖሩን ይነግረናል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ጁሊያን ኢምፔራቶ-ማክጊንሊ የተባለች ሐኪም ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሳሊናስ ከሚባል መንደር ያመጣችውን ጥናት አሳተመች። እዚያ ሴት ተብለው ያደጉ ልጆች ጉርምስና ሲደርሱ ድምፃቸው ይጎረንናል፣ ብልታቸው ያድጋል፤ አብዛኞቹም ወንድ ሆነው ይቀጥላሉ። ቴስቶስቴሮንን ወደ ጠንካራው ሆርሞን የሚለውጥ አንድ ኤንዛይም ጎድሎባቸው ነው። መንደሩ ጉዳዩን ያውቀዋል፣ ስምም አለው፤ ልጁን አያባርረውም። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። በሌላ በኩል በዚያው ዘመን በሠለጠኑ አገሮች የነበሩ ትልልቅ ሆስፒታሎች የእንዲህ ዓይነት ሕፃናትን ብልት ቸኩለው ይቆርጡ፣ ለልጁም እውነቱን ይደብቁ ነበር። ያደጉት ልጆች ጉዳታቸውን ከተናገሩ በኋላ ነው ሕክምናው ረጋ ያለው። እ.ኤ.አ. በ2005 ቺካጎ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች በተከታዩ ዓመት ባሳተሙት ስምምነት ለቀዶ ሕክምና ጥንቃቄ፣ ለቤተሰብ ግልጽነት፣ በአንድ ሐኪም ሳይሆን በቡድን መወሰን ይገባል አሉ።

ይህ ወደ ምላጩ ያመጣኛል። በእኛ አገር ምላጩ ከላቦራቶሪው ይቀድማል። ወንዱ በስምንተኛው ቀን ገደማ ይገረዛል፤ በአንዳንድ ቤት ሴቷም። ሽንቱ ከሥር የሚወጣ ወንድ ልጅ ከተገረዘ፣ ኋላ ቀዳዳውን ለመጠገን ሐኪሙ የሚጠቀምበት ቆዳ ተጥሏል ማለት ነው። ከዚህም የከፋው ይህ ነው። የውጭ ብልቱ ፍጹም ወንድ የሚመስል፣ ነገር ግን ሁለቱም ቆለጦቹ በእጅ የማይዳሰሱ «ወንድ» ሕፃን፣ ጨው የሚያፈስሰው በሽታ ያለባት ሴት ልትሆን ትችላለች። እሷን መግረዝ የማይመለስ ጉዳት ነው፤ ቁስሉና ድንጋጤው ራሱም ኮርቲሶል የሌላትን ልጅ ወደ ቀውስ ሊጥላት ይችላል። ስለዚህ ለገራዡም፣ ለአያቲቱም፣ ለሁላችሁም፤ ሁለቱ ቆለጦች ተዳስሰው ካልተገኙ አይገረዝ። የሴት ልጅ ግርዛትማ ለማንኛዋም አይፈቀድም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ይቀጣል። ቂንጥሯ አድጓል ተብላ በቤት የምትቆረጥ ሕፃን ግን በድርብ ተበድላለች፤ በሽታዋ ሳይታከም ምልክቱ ተቆርጧልና።

ጨው የሚያፈስሰው በሽታ የታወቀበት ሕፃን ምን ይደረግለታል? ሃይድሮኮርቲሶን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ፍሉድሮኮርቲሶን በቀን አንዴ፣ በጨቅላነቱ ደግሞ ተመዝኖ የሚሰጥ ጨው። ዕድሜ ልክ ነው። የሚገኘው የሃይድሮኮርቲሶን ክኒን ብዙ ጊዜ ባለ 10 ሚሊግራም ነው፤ የዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ የሚወስደው ሩብ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። እናቲቱ ክኒኑን በንጹሕ ምላጭ አራት ቦታ ትከፍላለች፣ ሩቡን በማንኪያ ጀርባ ትደቁሳለች፣ በጥቂት ውሃ በጥብጣ በሲሪንጅ ወደ ጉንጩ ታደርጋለች፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ፊደል ያልቆጠረች እናት ይህን ስትሠራ ከብዙ ባለሙያ ይልቅ ስትጠነቀቅ አይቻለሁ። ሁለቱም መድኃኒቶች የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት መሠረታዊ ናቸው ብሎ በዘረዘራቸው ውስጥ አሉ፤ በመድኃኒት ቤቶቻችን ግን ሁልጊዜ አይገኙም። ይህን ለሚመለከተው ሁሉ ደጋግሜ እናገራለሁ፣ እናንተም ተናገሩ።

ትኩሳት ሲይዘው መጠኑ በሐኪሙ ትእዛዝ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሆናል። ካስታወከው ክኒን አይሠራም፤ መርፌ ያስፈልጋል፤ በሌሊትም ቢሆን ይዛችሁ ውጡ። የመርፌውን መጠን ሐኪሙ በደብተሩ ላይ ይጻፍላችሁ፤ ጤና ጣቢያ ስትደርሱ መጀመሪያ ያን ገጽ አሳዩ። የእኛ አገር ደግሞ ሞቃት ነው፤ በበጋ ላብ ጨው ይወስዳል፣ ልጁ ጨው ቢፈልግ አትከልክሉት። አድጎ ረመዷን ልጹም ሲል ሸሆቻችን ያግዙን። ለታመመ ሰው ዲኑ ፈቃድ አለው፤ ለዚህ ልጅ መድኃኒት ማሳለፍ አደጋ ነው።

ሸሆችን ካነሣሁ አይቀር፤ ነገሩ ለእነሱ አዲስ አይደለም። የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት ስለ ኹንሳ፣ ማለትም ጾታው በግልጽ ስላልለየ ሰው፣ ውርስና ሶላት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጽፈዋል፤ ምልክቱ እስኪገለጥ መጠበቅንም ያውቃሉ። ስለዚህ ቤተሰብ ሲጨነቅ «ታገሡ፣ አስመርምሩ» የሚለው ቃል ከእነሱ አፍ ቢወጣ ከእኔ ቃል ይልቅ ይሰማል። ቄሶችም እንዲሁ፤ 40 ነው 80 የሚለው ውጤቱን እንዲጠብቅ ለቤተሰቡ ንገሯቸው። ለልደት ምዝገባ ሕጉ 90 ቀን ይሰጣል፤ ያ ጊዜ ይበቃል። ስም ካስቸኮላችሁ ደስታ በሉት፣ ሲሳይ በሉት፤ ለወንድም ለሴትም የሚሆን ስም አላጣንም።

ደሙ ታይቶ 17-ኦኤችፒው ከፍ ብሎ፣ ክሮሞዞሙም የሴት ሆኖ ከተገኘ፣ ልጅቷ ሴት ሆና ታድጋለች፤ በመድኃኒቷ ከጸናች የወር አበባ ታያለች፣ አግብታ ልትወልድም ትችላለች። ይህን ለእናቷ በመጀመሪያው ቀን እንነግራታለን፤ ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ። ሰው ፊት መጠየቅ የማይመቻችሁ፣ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕፃን ያላችሁ፣ ስም ሳትጠሩ ከዚህ በኋላ ጠብቁኝ፤ አልቸኩልም። ሕፃኑ ከሦስት ሳምንት በታች ከሆነ ግን ጥያቄ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ይዛችሁት ወደ ደሴ ውጡ።